ወረቀቱንና ፌሪውን አጥብቅ፣ ሌላውን አላላ

የእህቴ ልጅ፣

በቴሌግራም የላክህልኝን ዕቅድ መነጽሬን አድርጌ ሁለቴ አነበብኩት። ከሲያትል በአይ-5 ኦሪገን ትወርዳላችሁ፣ በባሕሩ ዳር ወደ ሰሜን ትወጣላችሁ፣ ካናዳ ትገባላችሁ፣ ቶፊኖ ድረስ ሄዳችሁ በስድስት ቀን ቤታችሁ። ቁርስ የምትበሉበት ቤት ሳይቀር በሰዓት ተጽፏል። የማን ፓስፖርት እስከ መቼ እንደሚያገለግልና ፌሪው በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ግን አልተጻፈም። እንዲህ ያለ ጉዞ ላይ የማይለመኑ በሮች ሁለት ናቸው፤ ድንበሩና መርከቡ። እነሱን አጥብቀህ ያዝ። የቀረውን እንደ አየሩና እንደ እናትህ ጉልበት ታደርገዋለህ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፍልህ በፈረንጆቹ ነው።

1. መጀመሪያ ወረቀት።

አንተ ግሪን ካርድ ስላለህ ለካናዳ ቪዛ አያስፈልግህም። ይህን የሰማ ሰው ካርዱን ብቻ ኪሱ ከትቶ ይነሳል። ከኤፕሪል 2022 ወዲህ ግን ካናዳ ግሪን ካርድ የያዘውን ሰው የአገርህን ፓስፖርትም አሳይ ትለዋለች፤ ያውም ጊዜው ያላለፈበትን። ያንተ ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ ከተኛ ስንት ዓመቱ ነው? ዛሬ ማታ አውጥተህ እየው። አልፎበት ከሆነ ሆቴል ከመያዝህ በፊት ማሳደሱን ጀምር፤ ያ ነገር በአንተ ፍጥነት አይሄድም።

ባለቤትህ ዜጋ ናት። የአሜሪካ ፓስፖርቷ ይበቃታል። ዋሽንግተን ስቴት ለዜጎች የሚሰጠው ኢንሃንስድ መንጃ ፈቃድም በመኪና ያሻግራል። ተራው መንጃ ፈቃድ፣ ኮከብ ያለበት ሪል አይዲ እንኳ ቢሆን፣ አያሻግርም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።

እናትህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። በአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ነው የምትመጣው፤ ያ ቪዛ ካናዳን አይከፍትም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ጎብኚ የካናዳ ቪዛ ለብቻው ማውጣት አለበት፤ አሻራም ይጠየቃል። አዲስ አበባ እያለች ትጀምረው። የአሜሪካው ቪዛዋ ደግሞ ለአንድ መግቢያ ብቻ ከሆነ፣ ከካናዳ እንዴት እንደምትመለስ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቃችሁ በጽሑፍ ያዙ። የጓደኛ ወሬ አይበቃም፤ የእኔም ቢሆን።

ካልተሳካ አታስቀሯት። የካናዳውን ግማሽ ቆርጣችሁ ከፖርት ኤንጀለስ ወደ ደቡብ ያለውን ብቻ ያዙ። በእኔ ፍርድ የጉዞው ሥጋ ያለው እዚያ ነው።

2. ሁሉም ሰው ጓደኛ ቢሆንም ሁሉም ሰው አይሻገርም።

አብሯችሁ ሊሄድ ያሰበው ልጅ የአሳይለም ጉዳዩ ገና አልተወሰነም ብለኸኛል። ወርክ ፐርሚቱ የጉዞ ሰነድ አይደለም። አድቫንስ ፓሮል ሳይዝ ከአሜሪካ ቢወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል። ለሽርሽር ብሎ የዓመታት ነገር አያበላሽ። እስከ ድንበሩ ልሸኛችሁ ካለም ብሌን ላይ በኤግዚት 276 ይውጣ። ከዚያ ወዲያ መዞሪያ የለም፤ መንገዱ ቀጥታ ካናዳ ፈታሽ ፊት ነው የሚጥለው።

ጠጥቶ በመንዳት የተፈረደበት ሰው ካለም አስቀድሞ ይናገር። ካናዳ ይህን ከባድ ወንጀል ብላ ትመዘግበዋለች፤ ሌላው ወረቀቱ ሙሉ ቢሆንም ከበር ልትመልሰው ትችላለች።

3. አቅጣጫውን ገልብጠው።

በ101 መንገድ ወደ ሰሜን ስትነዳ ውቅያኖሱ በግራህ፣ ከሚመጣው መኪና ማዶ ነው። ደስ ያለህ ቦታ ለመቆም ፊት ለፊት የሚመጣውን ሁሉ ማቋረጥ አለብህ። ወደ ደቡብ ስትነዳ ግን ባሕሩ በቀኝህ ነው። መቆሚያዎቹም በቀኝህ ናቸው፤ ፍሬቻ አሳይተህ ገባ ማለት ብቻ ነው። እናትህም ከአንተ ጎን ተቀምጣ በራሷ መስኮት ታያለች።

ስለዚህ መንገዱ እንዲህ ይሁን፦ ከሲያትል ወደ ሰሜን ብሌን፣ ከዚያ ቫንኩቨር፤ ከፀዋሰን በፌሪ ወደ ቫንኩቨር ደሴት፤ ቪክቶሪያ፤ ከቪክቶሪያ በሌላ ፌሪ ፖርት ኤንጀለስ፤ ከዚያ 101ን ይዞ የኦሎምፒክ ልሳነ ምድርን በምዕራብ ዞሮ አስቶሪያ፣ ካነን ቢች፣ ኒውፖርት። መመለሻው እኔ ዘንድ በፖርትላንድ በኩል። የካናዳው ድንበርም በመጀመሪያው ቀን ያልቃል። ወረቀት ላይ ችግር ካለ ገና ጠዋት ይታወቃል፤ ወደ ደቡብ ትዞራላችሁ።

ስድስቱን ቀን፣ እኔ ዘንድ የምታድሩትን ሳይጨምር፣ ዘጠኝ አድርገው። ቶፊኖን ሰርዝ። ቆንጆ ነው፤ ግን ከቪክቶሪያ ደርሶ መልሱ ብቻውን ሁለት ቀን ይበላል፤ ለሌላ ዓመት ይቆይ።

4. ከሌበር ደይ በኋላ ሂዱ።

ጁላይና ኦገስት ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ሰው ሁሉ ባሕር ዳር ነው። መሃል አገሩ በሙቀት ሲነድ ባሕሩ ጉም ይጠራል፤ ኦገስት ውስጥ እኩለ ቀን ድረስ ምንም ሳታይ ትቀመጣለህ። ሴፕቴምበር ላይ ጉሙ ይቀንሳል፣ ዝናቡም ገና ነው፣ የሆቴሉም ዋጋ ይወርዳል። ፍልሰታም ስለሚፈታ እናትህ በየከተማው የጾም ምግብ ፍለጋ አትንከራተትም። እንቁጣጣሽን መንገድ ላይ ብትውሉ ምን ይላችኋል? ኖቬምበር ከገባ ግን ተዉት፤ ያ ወቅት ማዕበል ለማየት ብለው ለሚመጡ ሰዎች ነው።

5. ድንበሩ ላይ።

በሥራ ቀን፣ በጠዋት ድረሱ። አይ-5 ላይ የወረፋውን ርዝመት የሚያሳዩ ሰሌዳዎች አሉ። ዋናው መግቢያ ፒስ አርች ከተጨናነቀ፣ ከጎኑ የጭነት መኪናዎቹ መግቢያ ለእናንተም ክፍት ነው፤ ወደ ምሥራቅ ሊንደንና ሱማስም አሉ።

ተራችሁ ሲደርስ መስኮቶቹን ሁሉ አውርድ፣ ሙዚቃውን ዝጋ፣ ጥቁር መነጽርህን አውልቅ። የት ትሄዳላችሁ፣ ስንት ቀን፣ ምን ይዛችኋል ይባላል። የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ። ቀልድ የለም። ለእናትህ አንተ አስተርጉምላት፤ እሷን ከጠየቁ ግን እሷ ትመልስ።

ስለምትይዙት ነገር፦ ማሪዋና በዋሽንግተንም በካናዳም ተፈቅዷል፤ ድንበሩን ይዞ መሻገር ግን በሁለቱም በኩል ወንጀል ነው። ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጫት በሁለቱም አገር ክልክል ነው፤ ደርቆ በፖስታ የመጣውም ቢሆን። መሣሪያ ካለህ ቤት ይቅር። እንጀራና በርበሬ ምንም አይላችሁም። ቋንጣውን ግን ተዉት፤ ቅቤና ሌላ የምትጠራጠሩት ካለ ራሳችሁ ተናገሩ። የተናገርከውን ቢበዛ ይወስዱታል፤ ያልተናገርከው ከተገኘ ግን ቅጣቱ ላንተ ነው።

ከፈታሾቹ ፊት መስኩ ላይ የቆመው ነጭ በር በ1921 የተመረቀው ፒስ አርች ነው፤ አንድ እግሩ አሜሪካ፣ አንድ እግሩ ካናዳ። በኮቪድ ጊዜ ድንበሩ ሲዘጋ ወዲያና ወዲህ የተለያየ ቤተሰብ ይገናኝ የነበረው እዚያ መናፈሻ ውስጥ ነበር። የእናትህ ቪዛ ካልተሳካም ከአሜሪካው በኩል ገብታችሁ እዩት።

6. ቁጥሩ ተቀይሯል።

ካናዳ 100 ስትል 100 ኪሎ ሜትር ማለቷ ነው፤ 62 ማይል ገደማ። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከተፈቀደው በ40 ኪሎ ሜትር በልጠህ ከተያዝክ ከገንዘቡ ቅጣት ሌላ መኪናህ ለ7 ቀን ይታሰራል። ጉዞው እዚያው አለቀ ማለት ነው። ነዳጅ በሊትር ነው የሚሸጠው፤ ካናዳ ውስጥ ስለሚወደድ ከመሻገራችሁ በፊት ቤሊንግሃም ላይ ሙላ። ለኢንሹራንስህ ደውለህ ለካናዳ የሚሆን የሽፋን ካርድ ጠይቅ። መኪናው ኪራይ ከሆነ ውሉ ድንበር መሻገር መፍቀዱን አረጋግጥ። ስልኩ ላይ ካርታውን አስቀድመህ አውርድ፤ ኔትወርክ የሚጠፋው ግን ካናዳ ሳይሆን ኋላ ኦሎምፒክ ላይ ነው።

7. ቫንኩቨር።

ሁለት ሌሊት ይበቃል። ከስታንሊ ፓርክ ጠዋት በባሕሩ ግንብ ላይ በእግር ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ሃይዌይ 99ን ይዛችሁ ወደ ስኳሚሽ ውጡ፤ ለ2010ሩ የክረምት ኦሎምፒክ አስፍተው ያደሱት መንገድ ነው። በግራ ሃው ሳውንድ፣ በቀኝ ገደል። 335 ሜትር የሚወርደውን ሻነን ፏፏቴ አይታችሁ ተመለሱ። እንጀራ ካማራችሁ ኮመርሻል ድራይቭ አካባቢ የአበሻ ምግብ ቤት ታገኛላችሁ።

8. ሁለቱ ፌሪዎች።

ከፀዋሰን ወደ ስዋርትዝ ቤይ የሚሄደው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ለመኪናው ቦታ አስቀድመህ ያዝ፤ ያልያዘ ሰው መርከቡ ሞልቶበት ቀጣዩን፣ አንዳንዴም የቀጣዩን ቀጣይ ይጠብቃል። ስትሳፈሩ መኪና ውስጥ አትቀሩ። ጉዞው ከተጋመሰ በኋላ መርከቡ አክቲቭ ፓስ የሚባል ጠባብ መተላለፊያ ይገባል። ያን የሚያህል ብረት በሁለት ደሴቶች መሃል ጥድ ሊነካ እስኪመስል ተጠግቶ ይታጠፋል። ከፊት ለፊት የሚመጣውም መርከብ በዚያው ነው የሚያልፈው። ካፍቴሪያ ወረፋ ላይ ቆማችሁ እንዳታመልጣችሁ፤ ውጭ ሁኑ፣ እናትህን ደህና አልብሳት።

ከስዋርትዝ ቤይ ወደ ቪክቶሪያ ስትወርዱ ቡቻርት ገነት አለ። ባልየው ሲሚንቶ ፋብሪካ ነበረው፤ የኖራ ድንጋዩ ተቆፍሮ ሲያልቅ የቀረውን ጉድጓድ ሚስቱ ጄኒ ቡቻርት አፈር አስመጥታ አበባ አደረገችው። እኔ ለአበባ ብዙም አይደለሁም። እናትህ ግን ከጉዞው ሁሉ ይህን እንደምታወራ አውቃለሁ፤ ግማሽ ቀን ስጣት።

ሁለተኛው ፌሪ ኮሆ ይባላል። ከ1959 ጀምሮ ቪክቶሪያንና ፖርት ኤንጀለስን ሲያመላልስ የኖረው ያው አንዱ መርከብ ነው፤ ሌላ ተተኪ የለውም፤ ነፋስ ከበረታ ይሰረዛል። ስለዚህ የመጨረሻውን ጉዞ አትያዝ፣ የጠዋቱን ያዝ። ከመሳፈራችሁ በፊት የአሜሪካ ፈታሾች እዚያው ቪክቶሪያ ላይ ሰነድ ስለሚያዩ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድማችሁ ድረሱ። ለእናትህ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ንገራት፤ አለበለዚያ ስድስት ሰዓት ቀድማ ወይ ዘግይታ ትነሳለች።

9. ኦሎምፒክ ላይ ዘግዩ።

ከፖርት ኤንጀለስ አስቶሪያ ከ200 ማይል በላይ ነው። በአንድ ቀን ይነዳል፤ አንተም በአንድ ቀን ነው የጻፍከው። ሁለት ሌሊት አድርገው። ሌክ ክሬሰንትን ዳር ዳሩን ታልፋላችሁ። ፎርክስ ላይ ነዳጅ ሙላ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ጭር ያለ ነው። ሆህ የሚባለው ጫካ በዓመት ከ3 ሜትር በላይ ዝናብ ይወርድበታል፤ ዛፉ ላይ የተንጠለጠለው ሽበት ቅርንጫፉን ብቻ አይደለም፣ ብርሃኑን ሳይቀር አረንጓዴ ያደርገዋል።

ግማሽ ቀን ካገኛችሁ ከ101 ወጥታችሁ ኒያ ቤይ ሂዱ። የማካ ሕዝብ አገር ነው፤ መግቢያ ፈቃድ እዚያው መንደሩ ውስጥ ከሱቅ ይገዛል። ወደ ኬፕ ፍላተሪ የሚወስደው መንገድ ከአንድ ማይል ያነሰ ነው፤ ረግረጉ ላይ ሳንቃ አንጥፈውበታል። ሳንቃው ስለሚያዳልጥ እናትህ ምርኩዝ ትያዝ። ጫፉ ላይ የእንጨት ሰገነት አለ። ከአላስካና ከሃዋይ በስተቀር የአሜሪካ ምድር በሰሜን ምዕራብ የሚያልቀው እዚያ ነው። ከሥር ባሕሩ ድንጋዩን ቦርቡሮ ዋሻ ሠርቷል፤ ማዕበሉ ሲገባ ድምፁ በእግርህ በኩል ነው የሚሰማህ።

ስትመለሱ ሙዚየማቸውን እዩ። ኦዜት የሚባለውን መንደራቸውን ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ጭቃ ተንዶ ቀበረው፤ በ1970 ማዕበል ዳርቻውን ሲሸረሽረው ወጣ። ጭቃው አየር ከልክሎ ስላቆየው እንጨቱ፣ ቅርጫቱ፣ የዓሣ ነባሪ ማደኛው ሳይበሰብስ ተገኘ፤ ከ55 ሺህ በላይ ዕቃ። አያቶቻቸው ይሉት የነበረው የመናድ ታሪክ እውነት ሆኖ ወጣ።

10. ይህን ባሕር አትመነው።

እናትህ የምታውቀው ባሕር የምፅዋ ነው፤ በልጅነቷ አባታችን ወስዶን ነበር። ሙቅ፣ የተኛ ባሕር። ይህኛው ሌላ ነው። ውኃው በበጋም ቀዝቃዛ ስለሆነ እግር ያደነዝዛል። ከቁርጭምጭሚት በላይ አትግቡ።

ጀርባችሁን አትስጡት። ለአሥር ደቂቃ ትንንሽ ሞገድ ሲልክ ቆይቶ ሳይታሰብ አንድ ትልቅ ወደ ላይ ድረስ ይልካል። ፎቶ ሲነሱ የተወሰዱ ሰዎች አሉ። ዳር ላይ የወደቁት ግንዶች ደረቅ መሬት ላይ ያሉ ይመስላሉ፤ ትንሽ ውኃ ሥራቸው ከገባ ተንከባለው ሰው ይገድላሉ። ልጆች ሲቀመጡባቸው ብታይ አንተ አትቀመጥ።

ሌላው ርዕደ መሬት ነው። በየከተማው መግቢያ ሰማያዊና ነጭ ምልክት ታያለህ፤ ሱናሚ የሚደርስበት ቦታ መጀመሪያውንና መጨረሻውን የሚያሳይ። ለጌጥ አይደለም። ከባሕሩ ሥር ከካሊፎርኒያ ሰሜን እስከ ቫንኩቨር ደሴት የሚሄድ ስንጥቅ አለ። ጃንዋሪ 26፣ 1700 ምሽት ላይ ተንቀሳቅሶ 9 ገደማ የሚደርስ መንቀጥቀጥ አመጣ። ቀኑ ይህን ያህል ተለይቶ የታወቀው ጃፓኖች ያለ መንቀጥቀጥ የመጣባቸውን ማዕበል በመዝገባቸው ስለጻፉት ነው፤ የዚህኛው ዳርቻ የሞቱ የዝግባ ዛፎችም መሰከሩ። ስለዚህ ማደሪያ ስትገቡ ከፍ ያለው መሬት ወዴት እንደሆነ እይ። መሬቱ ረጅም ከተንቀጠቀጠ ሳይረንም፣ ስልክም፣ ሻንጣም አትጠብቅ። እናትህን ይዘህ በእግርህ ወደ ላይ ውጣ።

11. ድልድዩና የኦሪገን አሸዋ።

ወደ ኦሪገን የምትገቡበት የአስቶሪያ ድልድይ ከ4 ማይል በላይ ነው። በ1966 ሲከፈት 101 ያለ ፌሪ ተያያዘ። ከዋሽንግተን በኩል ስትገባ ረጅሙ ክፍል ዝቅ ብሎ ውኃው ላይ የተኛ ነው፤ መጨረሻ ላይ አስቶሪያ አጠገብ መርከብ ለማሳለፍ ድንገት ሽቅብ ይወጣል። ነፋስ ካለ ቀስ በል፤ መሪውን በሁለት እጅህ ያዝ። ከፍታ ለሚፈራ ሰው አስቀድመህ ንገር።

ኦሪገን ውስጥ አሸዋው የማንም አይደለም። በ1913 አገረ ገዢው ኦስዋልድ ዌስት የባሕሩን ዳር የሕዝብ መንገድ ነው አስብለው አስመዘገቡት፤ በመንገድ ስም ከሀብታም እጅ አወጡት። በኋላ በ1966 ካነን ቢች ላይ አንድ ሞቴል ደረቁን አሸዋ አጥሮ ሰው አላስገባ ሲል ሕዝቡ ተነሣ፤ በቀጣዩ ዓመት ቶም ማኮል አገረ ገዢ ሳሉ ደረቁም አሸዋ ለሕዝብ ሆነ። ስለዚህ ትልቅ ሆቴል ደጃፍ ላይ ጋቢያችሁን አንጥፋችሁ ቡና ብታፈሉ የሚያስነሳችሁ የለም፤ የከሰሉን እሳት ግን የከተማውን ደንብ አይታችሁ።

ካነን ቢች ላይ ያለውን ትልቅ ድንጋይ፣ ሃይስታክ ሮክን፣ ማዕበሉ ሲሸሽ እዩት፤ የማዕበሉ ሰዓት በየቀኑ ስለሚለያይ ሰንጠረዡን ተመልከት። ኮከብ ዓሣው ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ፤ አትንኩት፣ ድንጋዩም ላይ አትውጡ።

12. ትንንሾቹ።

ኦሪገን የሽያጭ ታክስ የላትም፤ ጃኬት የሚገዛ ሰው ካለ እዚህ ይግዛ። ከ1951 እስከ 2023 ነዳጅ ራስህ መቅዳት በአብዛኛው ክልክል ነበር፤ አሁን ተፈቅዷል፤ ቢሆንም ብዙ ቦታ የሚቀዳ ሰው ይመጣልሃል። መኝታ በድንበሩ ቀንና በፌሪው ቀን ብቻ ቁርጥ ያለ ይሁን፤ ሌላው ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ይሁን። በቀን ከአራት ሰዓት በላይ አትንዳ፤ ከጨለመ በኋላ ባሕር ዳሩን አትንዳ፤ አጋዘን ይወጣል፣ የምታየውም ነገር የለም። ቲላሙክ አይብ ፋብሪካ አይስክሬሙ ጥሩ ነው፤ ወረፋው ረጅም ነው።

13. መመለሻ።

ከኒውፖርት በሃይዌይ 20 ወደ ኮርቫሊስ ግቡ፣ ከዚያ አይ-5። እሑድ ከሰዓት በኋላ እንዳይሆን፤ ከኦሊምፒያ እስከ ታኮማ መኪናው አይላወስም። ቅዳሜ ፖርትላንድ ድረሱ፣ እኔ ዘንድ እደሩ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ በልታችሁ ሰኞ በጠዋት ትነሳላችሁ። ከኒውፖርት ስትነሱ ደውልልኝ። ፍሬኑን ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት አስፈትሽ፤ ባለፈው ፋሲካ ስትመጣ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ።